የነባር ሕዝብና የዘመናዊ ሠዓሊያን ዐውደ ርዕይ በንግድ ጋለሪ፦ ከወረቀቱ እስከ መስቀያው

ይህ መመሪያ አውስትራሊያ ውስጥ በንግድ ጋለሪ ለሚሠራ ወይም ለመሥራት ለሚያስብ ሰው ነው። የነባር ሕዝቡን፣ ማለትም የአቦርጂናል ሠዓሊያንን ሥራ እንደ ሲድኒ ኖላንና ፍሬድ ዊሊያምስ ካሉ ዘመናዊ ሠዓሊያን ጋር አንድ ላይ የሚያሳይ፣ 25 ያህል ሥራ የሚይዝ ዐውደ ርዕይ እንዴት እንደሚሰናዳ ይናገራል። ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ዋጋውም በአውስትራሊያ ዶላር ነው።

ለመስቀሉ ሦስት ቀን ይበቃል። ወረቀቱ ግን ስድስት ወር ይፈጃል። የጋለሪ ስም የሚጠፋው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በወረቀት ስለሆነ ከዚያው እንጀምር።

ስድስት ወር ሲቀረው፦ ሥራው ከማን እጅ ይመጣል?

የዘመናዊዎቹ ሥራ ከሰብሳቢ ቤት፣ ከወራሽ ወይም ከጨረታ ይመጣል። የአቦርጂናል ሠዓሊያን አዲስ ሥራ ግን በመጀመሪያ የሚጠየቀው ከማኅበረሰቡ የሥዕል ማዕከል ነው። ማዕከሉ የማኅበረሰቡ ንብረት ነው፤ ሸራና ቀለም ያቀርባል፣ እያንዳንዱን ሥራ ይመዘግባል፣ ለጋለሪ ይልካል፣ ገንዘቡንም ለሠዓሊው ያደርሳል። ከቀደምቶቹ አንዱ ፓፑኒያ ቱላ ነው። በ1971 ከአሊስ ስፕሪንግስ በስተምዕራብ በምትገኘው ፓፑኒያ፣ መምህሩ ጄፍሪ ባርደን ባበረታታው ሥራ የአገሬው ሽማግሌዎች በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የማር ጉንዳንን ታሪክ ሣሉ፤ በማግስቱ ዓመት ሠዓሊያኑ የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። ኩባንያው ዛሬም የእነርሱው ነው።

ቀን ስትቆርጡ የጋለሪውን ብቻ ሳይሆን የአገሩንም የቀን መቁጠሪያ ተመልከቱ። በመካከለኛው በረሃ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ሙቀቱ የከፋበት፣ ብዙ ሰው ለሥርዓተ ባህልና ለዘመድ ጥየቃ ከቀዬው የሚርቅበት ነው። በሰሜን፣ በአርነም ላንድ፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ዝናብ ነው፤ መንገድ ይዘጋል። የዛፍ ቅርፊት ሥዕል የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፦ ቅርፊቱ ከባሕር ዛፍ ዘር ከሆነው ስትሪንጊባርክ ተልጦ የሚወጣው በዝናቡ ወራት፣ እንጨቱ ውኃ ሲጠግብ ነው። በደረቁ ወቅት ግንዱን ቢታገሉትም አይለቅም። ስለዚህ በነሐሴ «ትልልቅ ቅርፊት ላኩልን» ብሎ ማዘዝ ማለት ቀድሞ ተልጦ ከተቀመጠው ላይ መለመን ነው።

የጋለሪው ኮሚሽን በተለምዶ ከሽያጩ 40 በመቶ ገደማ ነው፤ እስከ 50 የሚወስዱም አሉ። በውሉ ላይ ማጓጓዣውን፣ ኢንሹራንሱን፣ መወጠሪያውንና ፍሬሙን ማን እንደሚከፍል በስም ጻፉ። «ወጪ በጋራ» የሚል ቃል ኋላ ጠብ ነው። የሽያጩ ገንዘብ ከጋለሪው የዕለት ወጪ ጋር እንዳይቀላቀል የተለየ ሒሳብ ክፈቱለት፤ በ30 ቀን ውስጥም ክፈሉ።

በአደራ የሚሰጠው ወገን ማወቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ። ጋለሪው ቢከስር፣ በግል ንብረት ዋስትና መዝገብ ያልተመዘገበ የአደራ ሥራ ከጋለሪው ንብረት ጋር ተቆጥሮ ለአበዳሪዎቹ ሊሄድ ይችላል። ምዝገባው በኢንተርኔት የሚያልቅና ርካሽ ነው። አስመዝግቡ የሚል ጋለሪ በራሱ እምነት የሚጣልበት ነው።

ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ፎልደር

ከማዕከሉ የሚመጣ ሥራ ምስክር ወረቀት ይዞ ይመጣል። በላዩ የሠዓሊው ስም፣ የቋንቋ ወገኑ፣ የሥራው ርዕስ፣ ልኩ፣ የተሠራበት ቀለምና ሸራ፣ ታሪኩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የማዕከሉ መዝገብ ቁጥር አለበት። ያው ቁጥር ሸራው ጀርባ ላይ ተጽፏል። ሁለቱን በዓይናችሁ አስተያዩ። አንድ አኃዝ እንኳ ቢለይ ሥራውን ወደ ጎን አድርጋችሁ ማዕከሉን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ሁለት ወረቀት ተቀያይሮ የታሸገ ሆኖ ይገኛል፤ ካልተስተካከለ ግን ገዢው ከአሥር ዓመት በኋላ ሊሸጥ ሲሞክር ሥዕሉ ወላጅ አልባ ይሆናል።

ሠዓሊው ሥዕሉን ይዞ የተነሣው ፎቶግራፍ ማስረጃ ነው ብለው የሚያምኑ ገዢዎች አሉ። አይደለም። ፎቶግራፉ አንድ ሰው ከአንድ ሸራ አጠገብ እንደተቀመጠ ያሳያል፤ ማን እንደሣለው፣ ምን ያህል እንደተከፈለው፣ ወዶ ይሁን ተገዶ አያሳይም።

ምንጩ ዋጋን እንዴት እንደሚለውጥ ለማየት ሠዓሊዋን ኤሚሊ ካም ኪንግዋሬይን ማንሣት ይበቃል። በመካከለኛው በረሃ የምትገኘው የዩቶፒያ ሴት ናት፤ በሸራ መሣል የጀመረችው ሰባዎቹን ዕድሜ ካጋመሰች በኋላ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲሆን በ1996 ዐረፈች። በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ለብዙ ነጋዴዎች እጅግ ብዙ ሸራ ሣለች። «የምድር ፍጥረት» የተባለው የ1994 ሥራዋ በ2007 ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ በ2017 ደግሞ 2.1 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። በልክና በዓመት የሚቀራረቡ ሁለት ሥራዎቿ ግን ምንጫቸው ስለተለያየ ብቻ ዋጋቸው ሰማይና ምድር ሊሆን ይችላል።

በ1971 እና 1972 በትንንሽ እንጨት ላይ የተሣሉትን የፓፑኒያ ሥራዎች ካገኛችሁ ደግሞ ከመስቀላችሁም ከማተማችሁም በፊት ጠይቁ። ከፊሎቹ ላይ ሥርዓቱን የፈጸሙ ወንዶች ብቻ ሊያዩት የሚገባ ምስል አለ። ሙዚየሞችም የማይሰቅሏቸው አሉ።

የዘመናዊዎቹን ሥራ ስትመረምሩ ከፊቱ ይልቅ ጀርባው ይናገራል። የድሮ ጋለሪ ወረቀት፣ የጨረታ ቁጥር፣ የፍሬም ሠሪ ማኅተም፣ በእርሳስ የተጻፈ ዓመት፤ ሁሉንም ፎቶ አንሱ፣ አንዱንም አትላጡ። «ቆሸሸ» ብሎ የድሮ ወረቀት የሚያነሣ ፍሬም ሠሪ የሥዕሉን ግማሽ ዋጋ ቆሻሻ ውስጥ ይጥላል።

የዳግም ሽያጭ ድርሻ

ከሰኔ 9 ቀን 2010 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት፣ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ በሆነ ዳግም ሽያጭ ላይ 5 በመቶ ለሠዓሊው፣ ሠዓሊው ካረፈም እስከ 70 ዓመት ለወራሾቹ ይከፈላል። ከማዕከሉ መጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሸጥ ሥራ ይህ አይመለከተውም። አንድ ሰብሳቢ ያመጣውን ሥራ በ8,000 ዶላር ብትሸጡ ግን 400 ዶላር ይወጣል። ሰብሳቢው ሥራውን የገዛው ሕጉ ከመጽናቱ በፊት ከሆነ የመጀመሪያው ሽያጭ ክፍያ የለበትም፤ ቢሆንም ማሳወቅ ግዴታ ነው። ማሳወቂያው ለቅጂ መብት ኤጀንሲው በ90 ቀን ውስጥ ይላካል። ይህን 5 በመቶ ከማን ድርሻ እንደምትቀንሱ ከሽያጩ በፊት ለሻጩ ንገሩት፤ በኋላ ሲሰማ «ማን ፈቀደላችሁ» ይላል።

ሥዕሉን መግዛት የቅጂ መብቱን መግዛት አይደለም። ለካታሎግ፣ ለግብዣ ካርድና ለማኅበራዊ ገጽ ምስሉን ከመጠቀማችሁ በፊት የጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። የአቦርጂናሉ ሠዓሊ የአልበርት ናማትጂራ ዘሮች በ1983 ከእጃቸው የወጣውን የቅጂ መብት መልሰው ያገኙት በ2017 ነበር፤ ስለዚህ ይህን ጉዳይ አቅልሎ የሚያይ ማኅበረሰብ አታገኙም።

ሸራው ሲደርስ

የበረሃ ሥዕል ብዙ ጊዜ ተጠቅልሎ በቱቦ ይመጣል። ቱቦውን በደረሰበት ሰዓት አትክፈቱ፤ ቀለሙ አክሪሊክ ስለሆነ የክፍሉን ሙቀት እስኪለምድ 24 ሰዓት ይረፍ። አክሪሊክ ከ10 ዲግሪ በታች ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ በሞቃት መኪና ውስጥ ደግሞ ይለሰልስና ይጣበቃል። የሜልበርን የሐምሌ ጠዋት ለመጀመሪያው፣ የአሊስ ስፕሪንግስ የጥር ቀትር ለሁለተኛው ይበቃል።

ትክክለኛው አጠቃለል ሥዕሉ ወደ ውጭ ሆኖ፣ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ባለው ቱቦ ላይ፣ በመካከሉ ሲሊኮን የተቀባ ወረቀት (ዳቦ መጋገሪያ ላይ የሚነጠፈው ዓይነት) ገብቶለት ነው። ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ሥዕሉ የተሠራባቸው የቀለም ነጥቦች ይጨመቃሉ። ባብል ራፕ (አየር የያዙ አረፋዎች ያሉት ፕላስቲክ) ቀለሙን በቀጥታ ከነካ ክብ ክብ አሻራ ይተዋል፤ ያ አሻራ አይወጣም። ባብል ራፕ ከውጭ ይሁን።

ከፈታችሁት በኋላ ባትሪ መብራት ከጎን በአግድም እያበራችሁ እያንዳንዱን ስንጥቅ፣ የተላጠ ነጥብና እጥፋት በፎቶና በጽሑፍ መዝግቡ። ይህ መግለጫ ላኪውም እናንተም የፈረማችሁበት ካልሆነ ኢንሹራንስ አይሰማችሁም።

አሁን መወጠር። ለ122 በ183 ሴንቲ ሜትር ሸራ፦ 3.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ መወጠሪያ እንጨት፣ በመሐል አንድ ወይም ሁለት አግዳሚ፣ በየጎኑ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ያልተቀባ ሸራ ያስፈልጋል። እንጨቱን ከገጠማችሁ በኋላ ሁለቱን ሰያፍ ለኩ፤ ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ እንደገና ግጠሙ። ሥዕሉን ለስላሳ ብርድ ልብስና ሲሊኮን ወረቀት በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ በፊቱ አጋድሙ። ከአራቱም ጎን መሐል አንድ አንድ ስቴፕል ምቱ፣ ከዚያ ወደ ማዕዘን እያመራችሁ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ፣ ሁልጊዜ ከአንዱ ጎን ወደ ትይዩው እየዞራችሁ። ማዕዘን መጨረሻ ነው። በአንድ ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ሸራው ይዞርበታል፣ የነጥቦቹም መስመር ይወላገዳል። ከበሮ እስኪመስል አትወጥሩ፤ ወፍራም ነጥቦች ሥራቸው ላይ ይሰነጠቃሉ።

ሠዓሊው እስከ ጠርዝ ድረስ ሣለ እንበል፤ ብዙ ጊዜ ይሆናል። ያን ጊዜ ሥዕሉን ማጠፍ ክልክል ነው። ባለሙያ በጠርዙ ጀርባ የሸራ ጥብጣብ እንዲለጥፍ ላኩት፤ ሁለት ሳምንት ጨምሩበት።

የአፈር ቀለምና ቅርፊት

በሰሜን ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ሠዓሊው ሮቨር ቶማስ በሠራበት በምሥራቅ ኪምበርሊ፣ ሥዕል የሚሠራው ከመሬት በተቆፈረ ቀይና ቢጫ አፈር፣ በነጭ ሸክላና በከሰል ነው። የሥዕሉ ገጽ ዱቄት ነው ማለት ይቻላል። በጨርቅ አይወለወልም፣ በብሩሽ አይጠረግም፣ በቫርኒሽ አይቀባም፤ ቫርኒሽ ቀለሙን አጥቁሮ ያንን ደረቅ የመሬት ገጽታ ያጠፋዋል። በጠርዙ ብቻ፣ በንጹሕ ናይትራይል ጓንት ያዙ። ወለሉ ላይ ጥቂት ዱቄት ረግፎ ብታዩ አትደንግጡ፤ ብዙ ከሆነ ግን መዝግባችሁ ለላኪው አሳውቁ።

ቅርፊት ደግሞ ብራና ነው በሉት፤ አየሩ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲረጥብ ይላላል። የክፍሉ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ሆኖ እንዳይዋዥቅ ማድረግ ከየትኛውም ክፈፍ ይሻላል። የአየር ማቀዝቀዣውን ማታ አጥፍቶ ጠዋት ማብራት ለቅርፊት መርዝ ነው። ጀርባው ላይ የተገጠመውን የብረት ወይም የእንጨት መያዣ ለማቅናት አትጫኑ፤ መጉበጡ ተፈጥሮው ነው፤ ለማቃናት የሞከረ ሰው ቀለሙን ያረግፈዋል።

ኖላን በ1940ዎቹ ብዙ የሣለው በሪፖሊን፣ ማለትም በቤት ቀለም፣ በማዞኒት፣ ማለትም ከተጨመቀ የእንጨት ክር በተሠራ ሰሌዳ ላይ ነው። ማዞኒቱ ከማዕዘኑ ይሰባበራል፤ በፍጹም በማዕዘኑ መሬት ላይ አታቁሙት። ሪፖሊኑም እንደ መስተዋት ያበራል፤ ይህ መብራት ስትገጥሙ ይመለሳል።

ግድግዳ መከፋፈል

እዚህ ላይ ፍርድ ያስፈልጋል። ብዙ ጋለሪ የአቦርጂናሉን ሥራ ከአብስትራክት ሸራ ጎን ይሰቅልና «እንዴት ይመሳሰላሉ» ያሰኛል። ይህ ቀላልና ስንፍና ያለበት ነው። የበረሃው ሥዕል የአንድ የተወሰነ ቦታ ታሪክና መብት ነው፤ ለማሳመር የተደረደረ ቀለም አድርጎ ማሳየት ባለቤቱን ከሥዕሉ ያስወጣል። ቁም ነገር ያለው ጉርብትና ግን አለ። ፍሬድ ዊሊያምስ ከ1979 ጀምሮ በምዕራብ አውስትራሊያ ያለውን የፒልባራን ምድር ሲሥል አድማሱን ወደ ላይ ገፍቶ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ትቶ፣ መሬቱን ከላይ አየው። ከኪምበርሊ የአፈር ቀለም ሥራ ጋር በአንድ ክፍል ቢሆን ጥያቄ ያስነሣል፤ ግን ተነካክተው ሳይሆን ትይዩ ግድግዳ ላይ። ሠዓሊው ቶኒ ተክሰንም ይታወስ፦ የኒው ሳውዝ ዌልስ የሥነ ጥበብ ጋለሪ ምክትል ዳይሬክተር ሳለ ከዳርዊን በስተሰሜን ባሉት ደሴቶች የሚኖሩት የቲዊ ሰዎች የሠሯቸው 17 የመቃብር ዓምዶች እንደ ሥነ ጥበብ በ1959 እንዲቆሙ ያደረገ ሰው ነው፤ እርሱም ራሱ አብስትራክት ይሥል ነበር።

የበረሃ ሥዕል በመሬት ላይ ተነጥፎ፣ ሠዓሊው ዙሪያውን እየተቀመጠ ስለሚሣል፣ የትኛው ጎን ላይ እንደሚሆን ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። ምስክር ወረቀቱ ላይ ያለውን ፎቶ ተከተሉ፤ ከሌለ ጠይቁ። በራሳችሁ ዓይን «እንዲህ ያምራል» ብላችሁ አትወስኑ።

መስቀል

የሥዕሉ መሐል ከወለል 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሁን፤ ልጆችና በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጡ ብዙ ከሆኑ 145። የመስቀያው ቁመት የሚገኘው እንዲህ ነው፦ 150 ሲደመር የሥዕሉ ቁመት ግማሽ፣ ሲቀነስ ከሥዕሉ ራስ እስከ መስቀያ ቀለበቱ ያለው ርቀት። ቁመቱ 122 ሆኖ ቀለበቱ ከራሱ 9 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ፣ 150 + 61 − 9 = 202። ብሎኑ 202 ላይ ይገባል።

ለክፍተቱ፦ የግድግዳው ርዝመት 900 ሴንቲ ሜትር፣ አራት ሥዕሎች 150፣ 122፣ 122 እና 90 ስፋት ቢኖራቸው ድምሩ 484 ነው። የቀረው 416፤ ለአምስት ሲካፈል 83 ገደማ ይሆናል። ይህ መነሻ ነው፤ የዳር ክፍተቱን ትንሽ ሰፋ፣ የመሐሉን ትንሽ ጠበብ ብታደርጉ ለዓይን ይሻላል።

ከአንድ ሜትር በላይ ስፋት ያለውን በአንድ ሽቦ አትስቀሉ፤ በሰው ትከሻ በተነካ ቁጥር ይዘማል። ሁለት ቀለበት፣ ሁለት ብሎን። የጡብ ግድግዳ ከሆነ በ6 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ቀዳችሁ ፊሸር (ብሎን የሚይዝ የፕላስቲክ ማቀፊያ) ክተቱ፤ የጂፕሰም ቦርድ ከሆነ ከኋላው እንጨት ፈልጉ፣ ካልሆነ ለባዶ ግድግዳ የተሠራውን ክንፍ ያለው ማሰሪያ ተጠቀሙ። ውኃ ልኩን በፍሬሙ ላይ ሳይሆን በሁለቱ ብሎኖች መሐል አድርጉት።

መብራቱ የቀለም ታማኝነቱ (CRI) ከ90 በላይ የሆነ፣ ሞቅ ያለ ብርሃን የሚሰጥ 3,000 ኬልቪን ኤልኢዲ፣ ከሥዕሉ በ30 ዲግሪ ያዘነበለ ይሁን። ጣራው 3.6 ሜትር ከሆነ፣ ከ3.6 ላይ 1.5 ቀንሳችሁ በ0.58 ስታባዙ 1.2 ሜትር ይመጣል፤ መብራቱ ከግድግዳው ይህን ያህል ይራቅ። ለሪፖሊን ግን ወደ ግድግዳው ቀረብ አድርጉት፣ ነጸብራቁ ወደ ወለል እንዲወርድ። ለአክሪሊክና ለዘይት ቀለም ከ150 እስከ 200 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ)፣ ለቅርፊትና ለወረቀት 50 ሉክስ በቂ ነው።

ካርዱና ስሙ

በካርዱ ላይ ስም፣ ቋንቋና አገር፣ ርዕስ፣ ዓመት፣ የተሠራበት ነገር፣ ልክ (ቁመት ቀድሞ)፣ የማዕከሉ ቁጥር። ስሞቹን ከምስክር ወረቀቱ እንዳሉ ገልብጡ፤ ፊደል አታርሙ። ታሪኩ ከማዕከሉ ከመጣው አንድ ቃል አይጨመርበት። ያልተነገራችሁ ክፍል ያልተነገረው በምክንያት ነው።

በመግቢያው ላይ በሞት የተለዩ ሰዎች ስምና ምስል ሊኖር እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ማስታወቂያ ለጥፉ። ዐውደ ርዕዩ ተከፍቶ ሳለ ከሠዓሊያኑ አንዱ ቢያርፍ በዚያው ቀን ለማዕከሉ ደውሉ። ፎቶው ይነሣ፣ በአንዳንድ አካባቢ ስሙ በምትክ ስም ይቀየር፣ ሽያጩ ለጊዜው ይቁም ቢሏችሁ ያንኑ አድርጉ። በሞቱ ቀን ዋጋ የሚጨምሩ ነጋዴዎች አሉ፤ ማኅበረሰቡ ማን እንዳደረገው ያውቃል፤ ለሚቀጥለው ጥያቄ ሸራ የለም ይባላል።

ሽያጭና ማውረድ

«ተሸጧል» የሚለው ቀይ ነጥብ የሚለጠፈው ክፍያ ወይም የተፈረመ ማዘዣ ሲገባ ነው። «ባለቤቴን ላማክር» ላለ ሰው 48 ሰዓት ያዙለት፤ ካለፈ ለሌላ ገዢ ክፍት አድርጉት። ገዢው ደረሰኙን፣ ምስክር ወረቀቱን፣ ታሪኩንና የሁኔታ መግለጫውን በአንድ ፖስታ ይቀበል። ሥራውን ወደ አዲስ አበባም ሆነ ወደ ሌላ አገር ይዞ ለመሄድ ያሰበ ገዢ ካለ፣ የቆዩና ውድ ሥራዎች በ1986ቱ የተንቀሳቃሽ ባህላዊ ቅርስ ሕግ የመውጫ ፈቃድ ሊጠይቁ ስለሚችሉ ከክፍያው በፊት ይጣራ።

ዐውደ ርዕዩ ሲዘጋ ያልተሸጠው በመጣበት መንገድ ይመለሳል፦ እንደገና ፎቶ፣ እንደገና ባትሪ መብራት ከጎን፣ ከመግለጫው ጋር ማስተያየት፣ ከዚያ ማሸግ። የመላኪያውን ቁጥር ለማዕከሉ በዚያው ዕለት ላኩ፤ በዝናቡ ወራት ከሆነ ጥቅሉ እስከ ዳርዊን ወይም አሊስ ስፕሪንግስ ብቻ ሄዶ መንገድ እስኪከፈት እዚያው በጥላ ውስጥ እንዲቆይ ከማዕከሉ ጋር ተስማሙ።